ዘይቱ የት ይቀመጥ?

ከሶዶ በወጣሁበት ዋዜማ ምሽት አባቴ የሱቃችንን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደና የመጣውን ሰው ሁሉ ጎንበስ እያደረገ ወደ ውስጥ አስገባ። ሽኝቱ ቤት ውስጥ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን "ያሳደገው ይህ ሱቅ ነው፤ ከዚሁ ይሂድ" አለ። ሽማግሌዎቹ ለሽያጭ በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ፣ አብረውኝ የሚዘምሩት ጓደኞቼ በጨው ጆንያ ላይ፣ እናቴ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ጸለዩልኝ። ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የወላይታ ሰው ለዘመን መለወጫው ከየትም አገር ወደ ቤቱ ይመጣል እንጂ ከቤቱ አይወጣም፤ ስለዚህ አንደኛው ሽማግሌ በጸሎታቸው መካከል "ጌታ ሆይ፣ ሰው ሁሉ ሲገባ የሚወጣውን ይህን ልጅ አስበው" ሲሉ እናቴ አለቀሰች።

ጸሎቱ ሲያልቅ አባቴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተነሣ።

"ቆዩማ፣ ለልጄ ከውስጥ ላምጣለት" አለ።

ይህን አባባሉን ሱቃችንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ማከፋፈያችን ጠባብና ረጅም ነው። በሩ አካባቢ ያለው ገመድ፣ ሳፋ፣ ወንበርና ጨው ነው። መሃል ላይ ሳሙናና ፓስታ አለ። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ዘይትና ስኳር ግን መጨረሻ ላይ፣ ጨለማው ጥግ ነው ያለው። ከአረካም ይምጣ ከቢጠና፣ ቸርቻሪው መጀመሪያ ይቀመጣል፤ ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ ይጠየቃል፤ ከዚያ አባቴ "ቆይ፣ ከውስጥ ላምጣልህ" ይልና ራሱ ይሄዳል። ሠራተኛ አይልክም። እኛ ዘንድ የቤት ጥሩ ነገር ደጅ ላይ አይቀመጥም፤ ለጊፋታ ሲጠራቀም የከረመ ቅቤ መንገደኛ በሚያየው ቦታ አይሆንም። ከውስጥ ወጥቶ የተሰጠህ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ መከበርህ ነው።

በዚያ ምሽት ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ያመጣልኝ ክዳኑ በፕላስቲክ የታሰረ አንድ ጠርሙስ ዳጣ ነበር። እናቴ ቃሪያውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭታ፣ እኔ እንዳላየው እዚያ ደብቀውት ኖሯል። ጓደኛዬ ናትናኤል "ኧረ ለበረከት ከውስጥ መጣለት! ሚኒስትር ሆኗል በሉኛ!" አለና ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ትንሽ አፈርሁ። አውሮፓ ለትምህርት የሚሄድ ሰው ዳጣ ታቅፎ! ጠርሙሱን ቶሎ ብዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከሹራቦቼ መሃል ሸጎጥሁት። አባቴ እንዴት ቶሎ እንደደበቅሁት አይቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሊነጋ ሲል መኪናው ተነሣ። አረካን ስናልፍ ባጃጆች ገና መብራታቸውን አላጠፉም ነበር፤ የዳሞታ ተራራ ከኋላችን ጭጋግ ለብሶ ቀረ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ፖላንድ።

ቪዛውን ያገኘሁት በአባቴ ሱቅ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ኤምባሲው ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ጠየቀችኝ፦

"ምን ልታጠና ነው?"

"ሎጂስቲክስ።"

"ለምን?"

"አባቴ መጋዘን አለው።"

"ትልቅ ነው?"

"በጣም ትልቅ ነው" አልሁ፤ ማስደሰት ፈልጌ።

"ስንት በር አለው?"

"አንድ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "በጣም ትልቅ፣ ባለ አንድ በር" እያለች ጻፈች፤ ግን ፈገግ አለች። የአባቴን ንግድ ፈቃድ አገላብጣ አይታ ተቀበለችኝ። ያን ቀን በአባቴ ኮርቼ እንደነበር አስታውሱልኝ፤ በኋላ ያስፈልገኛል።

የምማርበት ከተማ ስሙ ዉች ነው። እናቴ "ውጭስ ውጭ ነው፤ ከተማው ማን ይባላል?" እያለች ከጎረቤት ጋር ስትጨቃጨቅ ከረመች። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ወፍራም የጉምሩክ ሰው ሻንጣዬን ከፍቶ ዳጣውን አነሣ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ምግብ ነው፣ ጌታዬ።"

"ቀለሙ የምግብ አይደለም።"

ክዳኑን ፈታና አሸተተው። ሦስት ጊዜ አነጠሰ፤ ዐይኑ እንባ ሞላ። ጠርሙሱን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ መለሰልኝና "ሂድ፣ ሂድ" አለኝ። ወደዚህ ለምትመጡ ምክሬ፣ ዳጣ ከማንኛውም ወረቀት ይሻላል።

የተከራየሁት ፓኒ ቦጄና ከምትባል መበለት ቤት አንዲት ክፍል ነው። ፓኒ ማለት እንደ እኛ "ወይዘሮ" ነው። መጀመሪያ ቀን "ወጥ ቤቱን መጠቀም እችላለሁ?" ብዬ በእጅም በአፍም ስጠይቃት "ኖ፣ ኖ" አለችኝ። ሁለት ቀን ደረቅ ዳቦ ከበላሁ በኋላ ራሷ መጥታ "ለምንድን ነው የማታበስለው? ታመሃል?" አለችኝ። ለካ በእነሱ ቋንቋ "ኖ" ማለት "አዎን፣ እንግዲህ" እንደ ማለት ነው! ጎመኑን አኮምጥጠው ካፑስታ ይሉታል፤ ሽታው ጉድጓድ ከርሞ የወጣ ቆጮን ያስታውሰኛል፤ ስለዚህ ወደድሁት። ድንች በየቀኑ አለ፤ ጎደሬ ግን የለም። አንድ ቀን ፓኒ ቦጄና ኽሻን የሚባል ነጭ ሥር ፈቅፍቃ አቀረበችልኝ፤ አፍንጫ የሚበሳ ነገር ነው። "አይበላውም" ብላ ነበር። በማንኪያ በላሁት። እኔም ዳጣዬን አመጣሁላት። ቀመሰችና ወንበሯን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ "እናትህ ጥሩ ሴት ናት፤ ግን አደገኛ ናት" አለች። ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በምትጠልቅበት ክረምት ያሞቁኝ ሁለቱ ነገሮች እነዚህ ነበሩ።

ሥራ ያገኘሁት በጋሽ ኤልያስ ነው። ጋሽ ኤልያስ የአረካ ሰው ናቸው፤ እንደ እኔ ለትምህርት መጥተው፣ እዚሁ አግብተው ቀርተዋል። ለትናንሽ ሱቆች ዕቃ በሚያከፋፍል መጋዘን ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። መጋዘንን እነሱ "ማጋዚን" ይሉታል። ስሰማው የዘመድ ስም የሰማሁ መሰለኝ። ሥራዬ ከትምህርት በኋላ ዕቃ መልቀም ነው፤ አንድ ሱቅ ያዘዘውን በጋሪ እየዞርሁ ከየመደርደሪያው አንሥቼ፣ ወደ መኪናዎቹ በር ወስጄ ማስረከብ። ከእኛ ሶዶ ሱቅ ጋር ሳወዳድረው ግማሽ ገበያችን ገብቶ የሚያድርበት ይመስለኛል።

አለቃችን ፓን ማሬክ፣ ፓን ማለት እንደ እኛ "አቶ" ነው፣ አንድ ቀን "ሎጂስቲክስ ነው አይደል የምታጠናው?" አለኝ። አዲስ አዳራሽ ተከፍቶ ነበር። "እዚህ ውስጥ የሚገቡትን ዕቃዎች የት የት ብታደርጋቸው ይሻላል? ሥለህ አሳየኝ። እናይሃለን።" ጥሩ ከሠራሁ ከለቃሚነት አውጥቶ ዕቃ ወደሚመድቡት ሊያዛውረኝ እንደሚችል ጋሽ ኤልያስ ነገሩኝ። "እኔ ነኝ ያመጣሁት ብያለሁ፤ እንዳታሳፍረኝ" አሉኝ እየሳቁ።

የዕቃ አቀማመጥ ምዕራፍ ላይ ትምህርት ቤት ገና አልደረስንም ነበር። ግን ምን አስጨነቀኝ? መጋዘን ውስጥ ያደግሁ ልጅ አይደለሁም? በቀለም እርሳስ አሣምሬ ሣልሁት። በሩ አካባቢ ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ ገመድ። መሃል ላይ ሳሙናና ፓስታ። መጨረሻ ጥግ ላይ፣ ከሁሉ ርቆ፣ ዘይትና ስኳር። አልዋሻችሁም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብዬ "ለምን?" አላልሁም። እጄ የሚያውቀውን ነው የሠራው። ፓን ማሬክም በዚያ ሰሞን ሩጫ በዝቶበት ሥዕሉን በጨረፍታ አየና "ንጹሕ ሥራ ነው" ብሎ ዕቃው እንዲደረደር አዘዘ።

ሰኞ ሥራ ተጀመረ። ከሚታዘዘው ሁሉ በብዛት የሚታዘዘው ዘይት ነው። ለቃሚዎቹ ባልዲውንና መጥረጊያውን እያለፉ እስከ መጨረሻው ጥግ ይሄዳሉ፣ ያን የሚያህል ክብደት ይዘው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ከባዱ ዘይት መጨረሻ ስለሚመጣ ቀድመው የጫኑትን ፓስታ አውርደው ከሥር ያስገቡታል። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ መኪና ተሰለፈ። ኦክሳና የምትባል ዩክሬናዊት ባልደረባችን ላቧን እየጠረገች ጮኸች፦

"ይህ ዘይት ከማን ነው የተደበቀው? ቪዛ የለውም እንዴ?"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። "ፖሊስ ሲመጣ በጓሮ ሊያመልጥ ነው!" አለ ሌላው። እኔ ጋሪዬን ይዤ ቆሜ ጆሮዬ ይነድዳል።

ፓን ማሬክ መጣ። ከበሩ እስከ ጥጉ ራሱ ሄዶ ተመለሰ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከልቡ ግራ ተጋብቶ "ክቶ ችዬ ተጎ ናኡቺው?" አለኝ። ይህን ማን አስተማረህ ማለቱ ነው። ፖላንድኛዬ ስለማይበቃ ጋሽ ኤልያስ አጠገቤ ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል።

"በሉልኝ ጋሼ" አልሁ በአማርኛ፣ "ማንም አላስተማረኝም። በእኛ አገር መጋዘን የለም። አይቼ አላውቅም በሉልኝ።"

ጋሽ ኤልያስ አዩኝ። ከዚያ ወደ ፓን ማሬክ ዞረው መናገር ጀመሩ፤ እኔ ካልሁት ይረዝም ነበር። ፓን ማሬክ የጋሽ ኤልያስን ፊት እያየ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ዶብዤ" አለኝ። ጥሩ ማለት ነው። ውሸቴ ሠራ ብዬ እፎይ አልሁ። እፎይ ማለቴን አሁን ሳስበው ነው የባሰ የሚያሳፍረኝ።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያዛወርሁት ራሴ ነኝ። ፓን ማሬክ እየዞረ አስረዳኝ፤ ብዙ የሚፈለገው በሩ አጠገብ ይሆናል፤ ለቃሚው እንዳይጎነበስና እንዳይንጠራራ በወገብ ከፍታ ይደረጋል፤ ከባዱ ቀድሞ ይነሣል፣ ቀላሉ ከላዩ ይጫናል፤ አብረው የሚታዘዙ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁሉም ትክክል ነው። በማግስቱ ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ልከራከረው የምችለው ነገር የለም።

ያን ቀን ከጋሽ ኤልያስ ጋር በትራም ተመለስን። ልወርድ ስል "የአባትህ ወገብ እንዴት ሆነላቸው?" አሉኝ።

"ዱቦ ሆስፒታል ሄዶ ታክሞ ነበር። ከባድ አታንሣ ብለውታል።"

"ያነሣሉ?"

"ያነሣል።"

"እህ" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እውነቱን የሰማሁት ከኦክሳና ነው። በምሳ ሰዓት ፖሟን እየላጠች "አባትህ ማጋዚን እንዳለው ለምን አልነገርከኝም?" አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "ኤልያስ ሲያስተረጉምልህ ሰማሁ እኮ። 'ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ በእኛ አገር የተሻለው ነገር ለእንግዳው ከውስጥ ነው የሚወጣለት' አልክ። ቆንጆ ነው። እናቴም ማሩን እንዲያ ነበር የምታስቀምጠው። በቪዛው ስለቀለድሁ ይቅርታ።"

ፖም አካፈለችኝ። በእጄ እንደያዝሁት ተነሣሁ።

ጋሽ ኤልያስን ቢሯቸው በር ላይ ያዝኋቸው።

"ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ አላልሁም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን...?"

"ስማ በረከት። አረካ ላይ ኪዮስክ ስከፍት ማንም ሳያውቀኝ አባትህ ወንበር ሰጥተው 'ቆይ፣ ከውስጥ ላምጣልህ' ያሉኝ ሰው ነኝ። ያኔም ወገባቸውን ያማቸው ነበር። አንተ ያልከውን በፖላንድኛ ማለት አልችልበትም።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "እኔን አይደለም" ብለው ወደ ሥራቸው ገቡ።

ይህን የምጽፍላችሁ፣ ሶዶ ላላችሁም፣ ተሰዳችሁ ላላችሁም፣ ራሴን ለማስወቀስ ብቻ አይደለም። እዚህ ስትመጡ አንድ ሰው በሰው ፊት "ማን አስተማረህ?" ይላችኋል። ቶሎ አትመልሱ። እኔ በአባቴ ስም ቪዛ አግኝቼ፣ በመጀመሪያው ሳቅ ሱቁን ካገር ላይ አጠፋሁት። የተሳሳትሁት ዘይቱ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ተዛውሮ ባለቀ ነበር።

ባለፈው እሑድ አባቴ ደወለ። ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፋ ያለ መጋዘን እንደተከራየ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ዕቃውን ግን የእኔን ቃል ሳይሰማ አላስገባም ብሏል። "እስከ መቼ ትሸከማለህ፣ ልጁ ተምሮ የለም ወይ" ላለው ሰው ሁሉ መልሱ ይኸው ነው፤ በረከት ይንገረኝ። ሐኪሞቹ ካስጠነቀቁት በኋላም ዘይቱን ከጥግ ተሸክሞ ማምጣቱን አልተወም። የእኔ ቃል የሚያስፈልገው ለዚያ ወገብ ነው። እኔ ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ለማንሣት ድፍረት አጥቼ ወጥ ቤት ቆምሁ፤ በመጨረሻ ግን አነሣሁት።

ቤት ውስጥ የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ ለእናንተ በአማርኛ ላድርገው።

"ሳሮ ነህ፣ ደህና ነህ ልጄ? በላህ? ኤልያስ ደውሎልኝ ነበር" አለኝ።

"ምን አለህ?"

"ሁሉንም ነገረኝ። ፈረንጆቹ ፊት ቆመህ 'አባቴ ነው ያስተማረኝ' እንዳልህ ነገረኝ። ስቀውብህ እንደነበርም ነግሮኛል፤ እየሳቁብህ ማለትህን!" ብሎ ቀጠለ። "ለሽማግሌዎቹም ነግሬያቸዋለሁ። ናትናኤል እንኳ መጥቶ ሰምቷል።"

"አባዬ፣ እኔ..."

"ቆይ፣ እናትህ ትስማ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። እስቲ ያልከውን በእነሱ ቋንቋ በለው። እንደዚያ ቀን አድርገህ በለው።"

ልነግረው ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ከጀርባው "በልልን እንጂ!" ስትል፣ የአዲሱ መጋዘን ባዶ ግድግዳ ድምጿን ሲያስተጋባ ሰማሁ። ዕቃ ሳይገባበት፣ እዚያ ቆመው ነው የሚጠብቁኝ።

"ሙይ ታታ ምኒዬ ናኡቺው" አልሁ። አባቴ አስተማረኝ። መባል በነበረበት ቀን ያላልሁትን፣ መስማት የነበረባቸው ሰዎች በሌሉበት፣ ቋንቋው ለማይገባቸው ሰዎች አልሁት።

"ሎኦ!" አለች እናቴ እየሳቀች። ጥሩ ነው ማለቷ ነው። አባቴ "ታታ ያለው እኔን ነው" ሲላት ይሰማኛል።

ፓኒ ቦጄና ሻይ ልታፈላ ገብታ ኖሮ ከኋላዬ ሰማችኝ። ፊቷ በራ። "ምን አስተማረህ?" አለችኝ በቀስታ፣ ኩባያዋን እንደያዘች።

አባቴም በዚያው ቅጽበት "እሺ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዘይቱን የት ላድርገው?" አለ።

"በሩ አጠገብ አድርገው፣ አባዬ" አልሁት። "በወገብህ ልክ፣ እንዳትጎነበስ። ብዙ የሚፈለገው እዚያ ነው የሚሆነው። ለወገብህ ብዬ ነው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባዬ?" አልሁ።

"አለሁ" አለ። "አንተ ካልክ ይሁን። በሩ አጠገብ ይሆናል።" ከዚያ ልጅ አዋቂን እንደሚጠይቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦ "ግን በረከት፣ ሰው ሲመጣ ታዲያ ከየት ነው የማመጣለት?"

ፓኒ ቦጄና መልሴን ትጠብቃለች። እነሱም ይጠብቃሉ።